ቅቤያችሁ ጋዝ ይሸታል ተብዬ ኮልፌ የሄድኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ኮልፌን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማታዩ ለቦንጋ ሰዎች ነው። ባታዩትም ብዙ አልቀረባችሁም። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ መብራቱና ስለ ፎቁ ያወራል። እኔ የማወራችሁ ስለ ሽታ ነው፤ ያስኬደኝም ሽታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከስድስት የጎረቤት ሴቶች ቅቤ እሰበስባለሁ፣ በኮባ ቅጠል እጠቀልላለሁ፣ ኮልፌ ለሚኖሩት ለጋሽ ደምሴ እልካለሁ። ጋሽ ደምሴ የሀገራችን ልጅ ናቸው፤ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ኮልፌ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እዚያው ቤታቸው ቅቤ ይነግዳሉ። ከስድስቱ ሴቶች ሁለቱ መበለቶች ናቸው። ከዚህ ቅቤ ሌላ ልጆቻቸውን የሚያለብሱበት ነገር የላቸውም።

ታዲያ ገና ባለፈ በሳምንቱ ከጋሽ ደምሴ ደብዳቤ መጣልኝ። «እታለም፣ የምትልኪው ቅቤ ጋዝ ጋዝ ይላል። ደንበኞቼ እየመለሱብኝ ነው። ሴቶቹ ከላምባ ጋር እያስቀመጡት ይሆናል። ለጥር ሠርግ ትልቅ ትእዛዝ አለብኝ፤ ካልተስተካከለ ከሸኖ ላስመጣ ነው» ይላል።

ደሜ ፈላ። የሁለቱ መበለቶች ቤት ኩራዝ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያበራላቸው ምድጃው ነው። ያልገዙትን ላምባ ከየት አምጥተው ነው ቅቤ ላይ የሚያፈሱት? ሌሎቹም ቢሆኑ ቅላቸውን በወይራ አጥነው፣ በቀን ብርሃን ነው የሚንጡት። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና መልስ አልጻፍኩም። ሁለት ትልልቅ ድብልብል ቅቤ አስጠቀለልኩ፣ ነጠላዬን ለበስኩና ራሴ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከቦንጋ ጅማ የሄድኩት ቡና በጫነ ካሚዮን ነው። ሾፌሩ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን የቤንዚን ጀሪካኑን እግሬ ሥር ሊወሽቅ ሲል ጮህኩበት። ቅቤ እንኳን ጀሪካን ሥር ተቀምጦ፣ ሽታ ካለበት ሰው ጋር ካወራም ይይዛል። ይህን ቅቤ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«እመቤቴ፣ የያዙት ቅቤ ነው ወይስ ታቦት?» አለኝ።

«ታቦት ቢሆንማ አንተ ወርደህ በእግርህ ትከተለን ነበር» አልኩት።

ሳቀና ጀሪካኑን ከኋላ ጫነው። ሲጋራውንም እስከ ጅማ አልለኮሰም። መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶብን ግማሽ ቀን ቆመናል። በአጠገቡ ያለ ቤት ሴትዮ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት፣ ቆጮ በጎመንና በአይብ አበላችን፤ ቅቤዬን ከጥላ ወደ ጥላ ስታዘዋውርልኝ ዋለች።

ጅማ አንድ ቤርጎ አደርኩ። ክፍሉ ውስጥ የጃንሆይ ሥዕልና አንድ አልጋ አለ፣ ሌላ የለም። የቤርጎዋ ባለቤት ቅቤው እንዳይቀልጥ ሰፊ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ መጣች፤ የጠወለገውንም ኮባ በአዲስ ቀየረችልኝ። የሳፋውን ዋጋ ብጠይቃት ተቆጣችኝ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሲነጋጋ ተነሣ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ጉድ አደረገኝ፤ ቅቤው በጭኔ ላይ እየለሰለሰ ሲሄድ ይታወቀኛል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ውሃ የያዘ ቅላቸውን አቀበሉኝ። «እኔ ወልቂጤ ስደርስ እጠጣለሁ፤ አንቺ ቅጠሉን አርሺበት» አሉኝ። አረሰረስኩት። ወልቂጤ ላይ ምሳ ልጋብዛቸው ብል እሳቸው ከፍለው ጠበቁኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየመንገዱ ሳገኝ ንዴቴ በረድ ብሎልኝ ነበር። እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ ማለቴ ነው።

ከጅማ «መጣሁ» ብዬ ቴሌግራም ልኬላቸው ስለነበር፣ አውቶቡስ ተራ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ሞተራቸው አለች። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ጎማዎቿ የሕፃን ጋሪ ጎማ የሚያህሉ፣ እግርን ሰብስበው እንደ ወንበር የሚቀመጡባት ሰማያዊ ሞተር ናት። ስኩተር ይሏታል።

«እታለም፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ነይ ከኋላ ውጪ፣ ቅቤውን እዚህ እግሬ መሀል አደርገዋለሁ» አሉኝ።

«እኔን አስፋልት ላይ ይጣሉኝ፤ ቅቤው ግን እርስዎ ሞተር ላይ አይወጣም» አልኳቸው።

ጋሪ ተከራየሁ። እሳቸው ሞተራቸውን አስነሥተው ከፊት መንገድ ሊመሩን ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ጭሱን ያየሁት። እርጥብ ቅጠል ሲነድ እንደሚወጣው ያለ ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታዋ፣ ከጭስ ማውጫዋ፣ ይንደቀደቃል። ፈረሱ አነጠሰው፤ ባለ ጋሪው ሳለ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ ቅቤውን ቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። መንገዱ ላይ የነበረችው ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ሦስት አራት እንደሷ ያሉ ከጎናችን ሲያልፉ ሁሉም ያንኑ ጭስ ይተፋሉ። እኛ ጋ አንድ ሰው በበቅሎ ሲሄድ የሚተወው ፋንድያ ነው፤ ፋንድያው ጎመን ያበቅላል። ይኼኛው ምን ያበቅላል? መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ ቅጠሉ በጥቀርሻ ወዝቷል።

ኮልፌ ልንገባ ስንል ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስላ ቀጥ አለች። ጋሽ ደምሴ ወርደው ካንዴላዋን፣ እሳት የምትጭርበትን፣ ፈቱ፤ ከሰል መስላለች። በሴንጢያቸው እየፋቁ «ዛሬ ምን እንደነካት እንጃ» አሉ። ባለ ጋሪው ቀስ ብሎ «ሁልጊዜ ነው እሚነካት» አለኝ። ፈረሳችን ቀድሞ ደረሰ።

ረቡዕ

የጋሽ ደምሴ ባለቤት አስካለ ማክሰኞ ማታ ስትቀበለኝ አለቀሰች። ጨዋ ሴት ናት፤ ደብዳቤው ያሳፈረው እሷን ነው። እግሬን አጥባ፣ የራሷን ፍራሽ ሳሎን አንጥፋልኝ፣ የዶሮ ወጥ አቀረበችልኝ። ቤተሰቡ የጸሎት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ማዕድ ላይ የሚጸልዩት ረጅም ነው፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ።

ጠዋት ሁለት የሠፈር ደንበኞች አስጠራሁ። ኮባውን በፊታቸው ፈታሁ። አንዷ በጥፍሯ ቆንጥራ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ፀጉሯ ላይ ሞከረችው። «ይኼማ ሽታው የሀገር ቤት ነው» አለች። አስካለም አሸተተች፤ ጋሽ ደምሴም አሸተቱ። ምንም።

«እንግዲህ ቅቤውን የት እንደምታስቀምጡት አሳዩኝ» አልኩ።

አስካለ ጓሮ ወስዳ አንድ ክፍል ከፈተችልኝ። የአፍንጫዬ ፀጉር ቆመ። በስተቀኝ መደርደሪያ ላይ ቅቤው በቅጠሉ ተደርድሯል። በስተግራ ሞተሯ ቆማለች። ብርድ እንዳይመታት ጋቢ ለብሳለች። ጋቢ! ከሥሯ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ የምታንጠባጥበውን ቤንዚን የሚቀበል። መስኮቱ ሌባ እንዳይገባበት በጣውላ ተመትቷል።

ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፍም፤ አንዳንዱ አይጻፍም። «እኔንና ስድስት ሴቶች ወንጀለኛ ስታደርጉ ወንጀለኛዋ ጋቢ ለብሳ እዚህ ቆማለች? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ተከፉ። «እታለም፣ ሞተር እኮ ብረት ናት። ብረት ምን ሽታ አለው? ውጪ ላሳድራት ብል በአንድ ሌሊት ይወስዷታል። ስድስት ዓመት ለፍቼ የገዛኋት ናት።»

«እንሞክረዋ» አልኩ። ካመጣሁት አንዱን ድብልብል እዚያው መደርደሪያ ላይ አደረግኩት። ሁለተኛውን ከግቢው ወዲያ ማዶ ባለው፣ መስኮቱ ወደ ባሕር ዛፉ በሚከፈተው፣ ነፋስ በሚገባው ክፍል ሰቀልኩት። ልጃቸው ሐና የምትተኛበት ክፍል ነው። ሐና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቅቤው ከአልጋዋ በላይ ሲሰቀል እንግዳ የመጣላት መስሏት ደስ አላት። እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይነካቸው ተባባልን።

ሐሙስ

ይቺ ሞተር ከሌላው መኪና ሁሉ ተለይታ የምታጨሰው ለምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ደምሴ ከድር የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰዱኝ። ከድር በርጩማ አውጥቶ፣ ሻይ በትኩስ ዳቦ አስመጥቶ ነው የተቀበለኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ልጣላው ስል አስቸገረኝ።

«ይቺ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅላ ነው እምትጠጣው፣ እማማ» አለኝ። ግድግዳው ላይ በጣሊያንኛ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ወረቀት ለጥፏል። «ልኩ ይኸውና። ለአንድ ጀሪካን እቺን አንድ ጣሳ ዘይት።»

ወዲያው አንድ ደንበኛ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ከድር አንድ ጣሳ ዘይት ለክቶ ጨመረለት። ሰውዬው አልተነቃነቀም። ከድር ግማሽ ጣሳ ደገመ። ሰውዬው ቆሞ ያየዋል።

«ምርቃቱስ?» አለ ሰውዬው።

ከድር ሌላ ግማሽ አንቆረቆረለት። ያኔ ሰውዬው ፈገግ ብሎ፣ አመስግኖ፣ አስነሥቶ ሄደ። እኔና ሻዬ ጭሱ ውስጥ ቀረን።

«ልኩን እያወቅክ?» አልኩት።

«እማማ፣ ልኩን ብቻ ብሰጥ ሰስታም ነው እሚሉኝ። ነገ ማንም አይመጣም፤ ከታች ያለው መካኒክ ጋ ነው እሚሄዱት። እናንተስ ቅቤ ስትሸጡ አትመርቁም?»

እመርቃለሁማ። ያልመረቀ ነጋዴ በእኛም ገበያ ሰው አይጠጋውም። ቢሆንም ለሰው ሲመርቁለት ይበላል፣ ከጠገበ በቃኝ ይላል። ይቺ ብረት በቃኝ አታውቅም፤ የተረፋትን በኋላዋ ሰው ፊት ላይ ትተፋለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ቤት ሲደርሱ ከራሳቸው ቆርቆሮ አንድ ጣሳ ይጨምሩላታል፤ «እንዳይደርቃት» ብለው። ለአንዲት ሞተር ሦስት እጅ መመረቅ ማለት ነው። ኮልፌን ቀኑን ሙሉ የሚያጨሳት ክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። ደግነት ነው። ደግነትን በምን ይጣሉታል?

ከድር የቆሸሸውን ዘይትና ብረት ያጠበበትን ቤንዚን ደጁ ባለው ቦይ ነው የሚደፋው። ቦይውን ተከትዬ ቁልቁል ወረድኩ። ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ውሃው ላይ የማርያም መቀነት የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ሲያዩት ያምራል። ድንጋዩን ብነካው እጄ ተሟለጨ፣ ሽታውም ያው የደብዳቤው ሽታ ነው።

«ድሮ ከዚህ ነበር እምንጠጣው» አለችኝ አንዷ አጣቢ። «አሁን ልብሱም ከታጠበ በኋላ ነው እሚሸተው።»

«ታዲያ ለማን ተናገራችሁ?»

«ለማን ይነገራል? ከድር እንደሁ ሰው ሲሞትብን ድንኳን እሚተክልልን እሱ ነው።»

ዓርብ

ምንም ሳላደርግ ዋልኩ። አስካለ የሠፈሩን ሰው ልታሳየኝ ቀራንዮ ድረስ በእግር ወሰደችኝ። መድኃኔ ዓለምን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ አየሩ ንጹሕ ሆነ፤ ሣር፣ ከብት፣ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ። ሁለት ዘመዶቿ ቤት በሉ እያሉ አስጨነቁን፤ በላን። ስንመለስ ከኋላችን ሁለት ስኩተሮች መጡ፣ መንገዱን ለቀን ቦይ ውስጥ ገባን። የአስካለ ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረ። እሷ አራግፋው መንገዷን ቀጠለች፤ ለምዳዋለች። ያናደደኝ ደግሞ መልመዷ ነው።

ቅዳሜ

እነዚያን ሁለት ደንበኞች እንደገና አስጠራሁ። የትኛው ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው ሁለቱን ድብልብል አቀረብኩ። የመጀመሪያዋ አንዱን አሸተተችና ፊቷን አኮሳተረች። «ይኼ ነው፣ ያው ነው» አለች። ሁለተኛዋም ያንኑ ለየች። ከሞተሯ ክፍል የወጣው ነው። አስካለ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፣ አልለቀቀም። ከሐና ክፍል የወጣው እንደ ቦንጋው ነው።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሴቶቹ ላይ ያለ ኃጢአታቸው ፈርጃለሁ። ይቅር በይኝ፤ እነሱም ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት እንዲህ ሲል ከባድ ነው፤ አከበርኳቸው። የሠርጉን ትእዛዝ በሙሉ ለእኛ አደረጉት። ከዚህ በኋላ ቅቤውን ንጹሕ ቦታ እንደሚያስቀምጡ ቃል ገቡልኝ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ አልጋ ሲወጣና ሲገባ አይቻለሁ። ለጽዳት መሰለኝ። ደስታዬ በልጦብኝ አልጠየቅኩም።

እሑድ

ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ጸለዩ፤ እኔም ወስደውኝ ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ያንን የቅቤ ነገር ለሰው ሁሉ መሰከሩ፤ የስድስቱን ሴቶች ስም አንድ በአንድ ጠርተው አስጸለዩላቸው። አለቀስኩ። ለመንገዴ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለመበለቶቹ ሁለት ቀሚስ አዋጥተው ሰጡኝ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልኝ?

ሰኞ

በጠዋት ልሰናበት ተነሣሁ። ጋሽ ደምሴ እስከ አውቶቡስ ተራ ሊሸኙኝ ሞተራቸውን ደጅ አውጥተው እያስነሡ ነው። አስካለ ሐናን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ አመጣችልኝ። ልጅቷ ዓይኗን እያሻሸች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንደ ወጉ አናቷን ሳምኩ።

ጋዝ።

እንደገና አሸተትኳት። ፀጉሯ፣ አንገቷ፣ የለበሰችው ጋቢ፣ ያው ያ ሽታ ነው።

«ሐና የት ነው የተኛችው?» አልኳት አስካለን።

«ከቅዳሜ ወዲህ ጓሮ ነዋ፣ እትዬ። ቅቤው የእሷን ክፍል ያዘ አይደል? እርስዎ እኮ ነዎት የመረጡት።»

«ከሞተሯ ጋር?»

«ሌላ ክፍል የት አለን ብለው? ልጅ ትታጠባለች፤ ቅቤው ግን ታጥቦም አልለቀቀም።»

ያለ አንዳች ክፋት ነው ያለችኝ። ፊቴን አየችና ቅር ያለኝ መስሏት «አይጨነቁ፣ ቅቤው ደህና ነው» ብላ አጽናናችኝ።

እኔ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቅቤ ታቅፌ የመጣሁት፣ ሾፌር ላይ የጮህኩት፣ ትልቅ ሰው በደጃቸው የሰደብኩት፣ አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና የሠርጉ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ሁለቱ መበለቶች ትዝ አሉኝ። እንደገና ብጣላቸው ሸኖ ሩቅ አይደለም አልኩ በልቤ። አውቶቡሱም ያመልጠኛል አልኩ። ልጅቷን አውርጄ፣ ጉንጯን ስሜ፣ ሞተሯ ላይ ከኋላ ወጣሁ፤ የማቅፈው ቅቤ ስላልነበረኝ እንቢ የምልበት ምክንያት አልቀረኝም። ጭሱ ሐና የቆመችበትን በር እስኪሸፍነው ድረስ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር።

ቦንጋ ስገባ ስድስቱ ሴቶች መንገድ ወጥተው ጠበቁኝ። ስማችሁ ጠራ ስላቸው እልል አሉ። ጭነቱም በሳምንቱ ሄደ። ስለ ሐና ግን እስከ ዛሬ ለአንዳቸውም አልነገርኩም።